የደጃዝማቹ ድስት

«ስድስት ወር አልሞላቸውም እኮ!» ይላል ሰውየው ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ የቂርቆስ ቆርቆሮ ግን ሹክሹክታ ደብቆ አያውቅም። ጋሽ አጽብሃ በሩን ሊገፉ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። «ሰው ጠልተን አይደለም፣ ደንብ ሆኖብን ነው። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ድንኳን አይተከልለትም። አቶ ሐጎስ የተመዘገቡት ገና ለፍልሰታ ነው። ዛሬ ለእሳቸው ብንተክል ነገ ማንን እንከለክላለን?» አንዲት ሴት፣ «ሬሳ ቤት ውስጥ አስተኝቶ ስለ ደንብ ይወራል እንዴ?» አለችው። ጋሽ አጽብሃ ከአራብሳ ድረስ አውቶብስ ቀያይረው ነው የመጡት።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ታላቅ ወንድማቸው ሐጎስ ካዛንቺስ ውስጥ የደጃዝማች ግቢን እድር ከሠላሳ ዓመት በላይ በዳኝነት መርተዋል። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድሞ የሚጠራው እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ፈርሶ አባላቱ ወደ አራብሳ፣ ወደ ገላን፣ ወደ አያት ሲበተኑ፣ ለእሳቸው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ይህች ባለ ሁለት ክፍል ምትክ ቤት ደረሰቻቸው። «ዳኛ ሆኜ ኖሬ በሰው እድር ተራ አባል ልሁን?» እያሉ ከዓመት በላይ እምቢ አሉ፤ ልጃቸው ሰለሙን ነዝንዞ ነዝንዞ ባለፈው ክረምት አስመዘገባቸው። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ልባቸው ቀጥ አለ። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የዚህ ሰፈር እድር ድንኳኑን ደንብ ይዞበታል። የድሮው እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ደግሞ ጋሽ አጽብሃ ራሳቸው ናቸው፤ ድንኳኑም ድስቱም ያለው ዛሬ ሙዚየም በሆነው በደጃዝማቹ ቤት ውስጥ ነው። ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የቆዩት በዚሁ ነው።

ገቡ። ሐጎስ ከካዛንቺስ ያመጡት ሶፋ ለዚህ ቤት ስለሚበዛበት የበሩን ግማሽ ዘግቷል፤ ለቀስተኛው ሁሉ በጎኑ እየሾለከ ነው የሚገባው። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከውስጠኛው ክፍል የሚለየው መጋረጃ ተዘግቷል፤ ሐጎስ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ሰው ቦታ ለቀቀላቸው፣ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የሟች ሚስት ማሚት ቀና ብለው አዩዋቸው። ጋሽ አጽብሃ እርግማን ነበር የጠበቁት፤ የሴትዮዋ ዓይን ግን ለመራገም እንኳን የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። «አጽብሃ፣ ድንኳኑስ?» አሉ ብቻ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው መለሱ።

ሰለሙን ጓሮ ቆሞ በስልክ ይደራደራል። «ነጭ ብቻ ነው ያላችሁ? ሪቫኑስ አይነሳም? ማለቴ… ለቅሶ እኮ ነው። አሥራ ስምንት ሺህ? ወንበሩን ጨምሮ?» ስልኩን ዘጋና አጎቱን አያቸው። «አቶ አጽብሃ፣ እንደምን አደሩ» አለ፣ በሚሠራበት ባንክ መስኮት ለሚመጣ ደንበኛ እንደሚለው። አንቀልባ አስረው ያዘሉት ልጅ ነው። «የሠርግ ድንኳን አትከራይ» አሉት። «የአባትህን ድንኳን አመጣለሁ።» «ከየት?» «ካለበት ነዋ።» ሰለሙን ወደ መሬት አየ። ሰው ፊት መጣላት አልፈለገም፤ መታረቅም አልፈለገም። «እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ በቃ፣ የተገኘውን ነው የምተክለው።» ተከራይቶ መትከል ዛሬ ነውር አይደለም፣ ሀብታም ሁሉ የሚያደርገው ነው። የእድር ዳኛ በተከራዩት የሠርግ ድንኳን ሲለቀስለት ግን፣ ሐጎስ ሠላሳ ዓመት ሰው የቀበሩት ሁሉ እንዳልነበረ ሆነ ማለት ነው። ጋሽ አጽብሃ ይህን ለልጁ ማስረዳት አልቻሉም፤ ለራሳቸውም በደንብ አልተብራራላቸውም።

መስቀል አደባባይ ከታክሲ ወርደው ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ በእግራቸው ተያያዙት። የታኅሣሥ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ካዛንቺስ ካዛንቺስነቷን ትታለች። ሥጋ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚያስጮኸው ግሮሰሪ፣ ሁሉም የነበሩበት ላይ ሣር በቅሏል፤ በሣሩ መሐል የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ያምራል። አያምርም ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን እዚህ ጋ ታጠፍ የሚል አንድ ኪዮስክ እንኳን ስላልቀረ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሰፈር ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገድ ስተው የሣር ውኃ የምታጠጣ ልጅ ጠየቁ። ከሩቅ የሚታየው የደጃዝማች አምባዬ ቤት ብቻ ነው። ድሮ በጭስና በዝናብ ጠቁሮ የነበረው የእንጨት ሰገነት ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ማር መስሏል። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ትኬት ትቆርጣለች። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ» አሏት። «እንኳን ደህና መጡ አባባ» አለች ልጅቷ ከልቧ ፈገግ ብላ፤ «መቶ ሃምሳ ብር ነው።» ቤት ለእንግዳ! ከፈሉ። ኃላፊዋን ሲጠይቁ፣ ስብሰባ ላይ ስለሆነች እስክትወጣ ከጎብኚዎቹ ጋር እንዲዞሩ ልጅቷ ነገረቻቸው።

አስጎብኚው ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ወደ ኋላ እየተራመደ ያወራል። ደጃዝማቹ ቤቱን ሲያሠሩ አናጢዎቹ ህንዶች፣ ግንበኛው አርመን እንደነበረ፣ የመስኮቱ ባለቀለም መስተዋት በጅቡቲ በኩል በግመልና በባቡር እንደመጣ ተናገረ። በጣሊያን ጊዜ መኮንኖች ቢሊያርድ ተጫወቱበት። ደጃዝማቹ ከስደት ተመልሰው አረጁበት፣ ልጆቻቸው ተካፈሉት፣ ደርግ መጣና ወረሰው። «ከዚያ በኋላ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ያለ ጥገና ቆይቶ፣ አሁን እንደምታዩት ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሷል» ብሎ ወደ ደረጃው አመራ። ረጅሙ ጊዜ ይህችው ነች፤ በአንድ ትንፋሽ አለቀች። ጋሽ አጽብሃ አልተቆጡም። ልጁ ምን ያድርግ? አሥራ አንድ አባወራ በአንድ ቧንቧ ሲሰለፍ መኖሩን፣ በታችኛው አዳራሽ የቀበሌ ሱቅ ተከፍቶ ስኳር በራሽን መታደሉን፣ እነ እትዬ ጦቢያ በሰገነቱ ሥር አሥር ልጅ መውለዳቸውን ማን ብሎት ያውራ? እንዲያው መስማቱ ነው የደከማቸው፤ ደረጃውን ሲወጡ የእንጨት መደገፊያውን ጨበጡ። ድሮ ይወዛወዝ ነበር፤ አሁን ጠብቋል።

ፎቅ ላይ የደጃዝማቹ መኝታ ክፍል ተብሎ የተዘጋጀው እሳቸውና ሐጎስ የኖሩበት ነው። ቀበሌው ክፍሉን ለሁለት ሰጥቷቸው፣ መሐሉን በቺፑድ ጋርደው፣ በመስኮቱ በኩል ሐጎስና ማሚት ከልጆቻቸው ጋር፣ በበሩ በኩል እሳቸው ከሟች ባለቤታቸው ጋር ኖረዋል። ቺፑድ ምን ይጋርዳል? አንዱ ቤት ሲታሰል ሌላው ቤት «ይማርህ» ይላል። ሰለሙን ሌሊት ሲያለቅስ ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ነበሩ። አሁን ቺፑዱ ተነሥቷል። ክፍሉ እንዲህ ሰፊ መሆኑን በዚያ ሁሉ ዓመት አላዩትም፤ የራሳቸውንና የወንድማቸውን ቤት በአንድ ዓይን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። መሐል ላይ መጋረጃ ያለው የነሐስ አልጋ ተዘርግቷል፣ ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል። አንዲት ጎብኚ አልጋው ፊት ቆማ ፎቶ ስትነሣ ጋሽ አጽብሃን «አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለቻቸው። ፈቀቅ አሉ።

ድስቶቹ ያሉት ታች ነው፣ ግብር ቤት በተባለው። ሦስት ጎላ ድስቶች፣ እያንዳንዳቸው ልጅ የሚታጠብባቸው፣ በመብራት ሥር ተደርድረዋል። «የደጃዝማች አምባዬ የግብር ድስቶች» ይላል ጽሑፉ። አንድ ሰው በዚህ ስንት ሰው ይበላ እንደነበር ጠየቀ። አስጎብኚው እስከ አምስት መቶ ሰው እንደሚመገብ ሲመልስ፣ ጋሽ አጽብሃ በልባቸው እውነቱን ነው አሉ። የሚበላው ግን የለቅሶ ንፍሮ እንጂ የግብር ወጥ አይደለም። ቤቱ ይለቀቅ የተባለ ሳምንት፣ የጥገናው ሰዎች ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው የነዋሪ የሆነው ሁሉ ዛሬውኑ እንዲወጣ፣ የደጃዝማቹ የሆነው ግን ተጠብቆ እንዲቆይ አዘው ነበር። ሰው በየኮንዶሚኒየሙ የራሱን ቁም ሣጥን ማስገቢያ አጥቷል፤ እድር ዕቃውን የት ያስገባ? ግቢው ውስጥ ደግሞ የቁራሌው መኪና ቆሞ ይጠብቃል። «ይሄስ የማን ነው?» ሲሏቸው ጋሽ አጽብሃ «የደጃዝማቹ ነው» አሉ። ድንኳኑንም፣ አግዳሚውንም፣ ድስቱንም። ወር ሳይሞላ መጥቼ አወጣዋለሁ ብለው ነው። ሐጎስ ሲሰሙ አልጮኹም። «የሙታኖቻችንን ዕቃ ለሟች ጌታ ሰጠህ» አሏቸው፣ በዚያው አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ ወሩ ዓመት ሆነ፣ በር ላይ ጥበቃ ቆመ፣ ትኬት ተቆረጠ፣ ጋሽ አጽብሃም ዛሬ ነገ ሲሉ ወንድማቸው ሞቱ።

ኃላፊዋ ሩቲ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ቁርሷ ይሁን ምሳዋ ያልታወቀ ሳንዱች ተነክሶ ተቀምጧል። ጋሽ አጽብሃ ቆመው ሁሉንም ነገሯት። ወንድማቸው መሞታቸውን፣ ዕቃው የእድር መሆኑን፣ የዋሹት እሳቸው መሆናቸውን።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«የእድር መሆኑን። ጎኑ ላይ በምስማር ተመትቶ ተጽፏል እኮ። ማለቴ… እኔ ስመደብ ባዶ ቤት ነው ያስረከቡኝ። ወራሾቹ አንድ ማንኪያ አላስቀሩም። ግብር ቤት ያለ ድስት ይከፈታል? በቃ፣ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።»

«እንግዲያው ስጪኝና ልሂድ፣ ልጄ። ሬሳ እየጠበቀኝ ነው።»

ሩቲ ግንባሯን በሁለት ጣቷ ያዘች። የእድር ነው ብላ ከሰጠች፣ ለምን የደጃዝማቹ ብለሽ አስመዘገብሽ ብለው ከላይ ያሉት ይጠይቋታል። ተመዝግቧል፤ ሪጅስተር ላይ ቅርስ ነው። ቅርስ እንዲሁ ከግቢ አይወጣም። ለማኅበራዊ ጉዳይ በውሰት ግን ይወጣል። «የደጃዝማቹ ነው፣ ለአንድ ቀን ተውሼዋለሁ ብለው ይፈርሙልኝ» አለች። «ጥበቃ አብሮት ይሄዳል፣ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ከዚህ ሌላ የማውቀው መንገድ የለም ጋሼ፣ ይቅርታ።» ጋሽ አጽብሃ ተከራከሩ። የአባላቱን ስም ጠሩ፣ ድስቱ የተገዛበትን የመርካቶ በረንዳ ሳይቀር ነገሯት። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ ውኃ ነው። ልጅቷ አልካደችም፣ ሁሉንም አመነችላቸው፤ እጇ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ያን ጊዜ በጭንቅ አምልጧቸው የተናገሩትን ዛሬ ሐጎስ ተገንዘው ተኝተው ሳለ በፊርማቸው ሊደግሙት ነው። የግድግዳው ሰዓት አምስት ይላል። ፈረሙ። ፊርማቸውም እንደ ወትሮው አምሮ ወጣ፤ በኋላ ሲያስቡት ያሳፈራቸው እሱ ነው።

ጥበቃው ሊካሳ የሚባል፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ድንኳኑን ምድር ቤት ውስጥ አብረው ፈለጉት። ቀለም ቀቢዎቹ ወለል ላይ አንጥፈውት ከርመዋል፤ ሸራው ላይ የጣሪያው ነጭ፣ የሰገነቱ ማር፣ የበሩ ወርቃማ ቀለም ተንጠባጥቦበታል። አግዳሚዎቹ የሉም፤ ተሰባብረው የሠራተኛ መወጣጫ ሆነዋል። ሸራውን ከነምሰሶውና ከነገመዱ፣ ሦስቱን ድስቶችም፣ ከመንገድ በኮንትራት በያዙት አይሱዙ ላይ ጫኑ። ሊካሳ ጋቢና ይግባ ሲባል አሻፈረኝ አለ፤ ቅርሱን እንዲጠብቅ ነው የታዘዘው፣ ከኋላ ድስቱን ተደግፎ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቂርቆስ ደረሱ። ሰለሙን የኪራዩን ድንኳን አላስመጣም ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። መኪናውን ሲያይ ዘሎ ወጣና የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘ፣ ሌላውን ጫፍ ጋሽ አጽብሃ ያዙ። በጠባቡ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ ከቆርቆሮው አጥር ጋር አስረው፣ ምሰሶውን አቆሙ። የድሮዎቹ አባላት ከየአቅጣጫው መምጣት ጀምረው ነበር። ከገላን የመጣው ተካ ገመዱን ሲያይ፣ «ይቺን ቋጠሮ እኔ ነኝ የቋጠርኳት» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ሴቶቹ ስንዴና ሽምብራውን አጥበው በአንደኛው ድስት ጣዱት። መቀመጫ ግን አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ጠዋት ስለ ደንብ ሲናገር የነበረው የሰፈሩ እድር ዳኛ ከነልጆቹ ወንበር ተሸክሞ መጣ። «የቤቴ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «ደንብ ድንኳኑን እንጂ የእኔን ወንበር አያዝም።» ሌላውም ጎረቤት ሄዶ የየራሱን አመጣ፤ ፕላስቲኩም፣ ዱካውም፣ የትምህርት ቤት ዴስክም ሳይቀር።

ሐጎስን ቀበሯቸው። ቀብር ቀብር ነው፤ አፈሩ ይወድቃል፣ ቄሱ ይፈታሉ፣ የሟች ታሪክ ይነበባል። ታሪኩን ያነበበው ሰው «በካዛንቺስ በደጃዝማች አምባዬ ግቢ ነዋሪ የነበሩ» ሲል፣ ጋሽ አጽብሃ የወንድማቸው ስም ከዚያ ቤት ጋር አብሮ ሲጠራ ዛሬ ገና ሰሙ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተመልሶ እጁን ታጠበና ከቀለሙ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ በሸራው ውስጥ ስታልፍ የተንጠባጠበው ሁሉ ይታያል። ማሚት ቀና ብለው አይተው፣ «ቤታችንን የቀቡበት ነው?» አሉ። ጋሽ አጽብሃ «አዎ» አሏቸው። ከጠዋቱ ጥያቄ በኋላ ሁለቱ የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ከሩቅ የመጡት አውቶብስ እንዳያልፋቸው ቶሎ ቶሎ ተነሡ። ድንኳኑ ሳሳ። ሰለሙን ንፍሮ ያለበት ሣህን ይዞ ይዞራል። ሊካሳ ቆቡን አውልቆ ድስቶቹ አጠገብ ተቀምጧል፤ ንፍሮውን ከመዳፉ ላይ ቀስ እያለ ይቆረጥማል። ጋሽ አጽብሃ ጎኑ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነገ ጠዋት መልሶ መጫን እንዳለ ያስባሉ፤ ከእሱ አልፈው ማሰብ አልቻሉም።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለ ሊካሳ።

«ጠይቅ።»

«እኔ ከወሊሶ ነው የመጣሁት። ሚስት የለኝም፤ እዚህ አንድም ዘመድ የለኝም፣ የማድረውም ሙዚየሙ በር ላይ ባለችው ቤት ነው። እዚያ ሞቼ ብገኝ…» ንፍሮውን ዋጠ። «እናንተ ጋ ሰው ይመዘገባል?»

ይህን ጥያቄ ጋሽ አጽብሃ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቴ ሰምተውታል። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ፣ ቧንቧ ሲሰለፉ፣ የሰው ቤት ሠራተኛው፣ ከገጠር ገና የመጣው ወታደር፣ ቤት ተከራዩ ሁሉ ጠይቋቸዋል። በእድሩ ወግ አባል የሚገባው በዳኛው ቃል ነው፤ ሐጎስም አንድም ሰው መልሰው አያውቁም። ስለዚህ የጋሽ አጽብሃ መልስ አንድ ነበር፤ አፋቸው ያለ እሳቸው ያውቀዋል።

«ለምን አይመዘገብ?» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ቆይ እስቲ፣ ዳኛውን ልጠይቀውና።»

ሐጎስ በየለቅሶው ይቀመጡበት ወደነበረው ቦታ፣ ምሰሶው ጋ ወዳለው ወንበር ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ሰለሙን ሣህኑን ይዞ ባለበት ቆመ። ጋሽ አጽብሃ ባዶውን ወንበር አዩት፣ ከዚያ ዙሪያውን አዩ፣ ምን እንዳሉ ያኔ ገባቸው። አዲስ አበባ ከገቡ ጀምሮ ሁለቱ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። አሁን የመጣላቸው ግን በልጅነታቸው ሽሬ ላይ ታላቃቸውን «ወንድሜ» ብለው ከሩቅ የሚጠሩበት የትግርኛ ቃል ነው።

«ሐወይ!» አሉ። «ሐወይ! ሐወይ!»

ሰለሙን ሣህኑን ጥሎ ከብብታቸው ሥር ገባና ደገፋቸው። ሴቶቹ ለቅሶውን ከውስጥ ተቀበሉ። ሊካሳ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ተነሥቶ ቆመ።